ጎርጎራ የምንጥለው ተንሳፋፊ መሳፈሪያ፦ ኮምፒውተሩ 25 ዲግሪ ያዘነብላል ይለኛል፣ ማንን ልመን?

የአዘዞ_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ጎርጎራ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ተንሳፋፊ የጀልባ መሳፈሪያ እየሠራን ነው። ለምን ተንሳፋፊ እንደሆነ ጣናን የሚያውቅ ይገባዋል። ክረምት ሲወጣ ውኃው ሞልቶ ደረጃውን ይውጠዋል። ግንቦት ላይ ደግሞ ያው ደረጃ ጭቃ መሃል ቆሞ ይቀራል። ከሐይቁ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ይሻላል ብለን ነው።

ሣጥኑ በላሜራ ተበይዶ አልቋል፤ እዚሁ አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። 6 ሜትር በ2.4 ሜትር ነው። (2.4 ያደረግነው አይሱዙ ላይ እንዲጫን ነው፤ ሌላ ሳይንስ የለውም።) ከነማረጋጊያ ድንጋዩ ወደ 5.8 ቶን ይመዝናል። 40 ሴንቲ ሜትሩ ይሰጥማል፤ 45ቱ ከውኃ በላይ ይቀራል።

እኔ የተማርኩት ሲቪል ነው። የውኃ ሞገድን በሁለት ገጽ ነው ያለፍነው። ስለዚህ ሞገድ ተንሳፋፊ ነገር ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል የሚያሰላ፣ ካፒቴን የሚባል ነፃ የፓይተን ፕሮግራም አውርጄ፣ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ምሳሌ ቀየር ቀየር አድርጌ ሣጥኔን አስገባሁበት። ሞገዱን ከጎን አመጣሁበት። ሁለት ነገር አስደነገጠኝ።

የሞገዱ ፔሬድ (ከአንዱ ሞገድ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ) 1.2 ሰከንድ አካባቢ ሲደርስ ኃይሉ ድንገት ሽቅብ ይተኮስና ወዲያው ይወርዳል። ግራፉ እሾህ የበቀለበት ይመስላል። ከዚያ ደግሞ 2.1 ሰከንድ ላይ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሞገድ ሲመጣ ሣጥኑ 25 ዲግሪ ያዘነብላል ይለኛል። በኔ ልኬት ከ20 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ጠርዙ ውኃ ውስጥ ይገባል። በዚህ ስሌት ተሳፋሪው ሁሉ ጣና ገባ ማለት ነው።

አንድ አማካሪ ጋ ሄደን "በ1.5 አባዙትና ሥሩ" ብሎ ሸኘን። ምኑን እንደምናባዛ አልነገረንም።

ፕሮግራሙን ልቀይር ወይስ ሣጥኑን?

ጃንተከል፦

ወንድሜ ነገሩን አታካብደው። የሞገድን ኃይል የሚያሰላ የሞሪሰን ቀመር አለልህ። 1950 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምሰሶ የተሠራ ነው። አንዱ ክፍል የውኃውን ፍጥንጥነት፣ ሌላው የፍጥነቱን ካሬ ይይዛል። ኤክሴል ላይ በአንድ ሰዓት ትጨርሰዋለህ።

ቁስቋም፦

ጃንተከል፣ ራስህ "ለምሰሶ" ብለሃል፤ ችግሩም እሱ ነው። ሞሪሰን የሚሠራው አካሉ ሞገዱን የማይረብሸው ቀጭን ነገር ሲሆን ነው። ስፋቱ ከሞገዱ ርዝመት አንድ አምስተኛ በታች ሲሆን ማለት ነው። የ2.1 ሰከንድ ሞገድ ርዝመቱ 6.9 ሜትር ገደማ ነው፤ የ1.2 ሰከንዱ 2.25 ሜትር ብቻ። የዚህ ልጅ ሣጥን 2.4 በ6 ነው። ሞገዱን አይረብሸውም? ግድግዳ እኮ ነው! ሞገዱ ይመታዋል፣ ይመለሳል፣ ይጠማዘዛል። ያንን የሚቆጥረው የዲፍራክሽን ስሌት ነው። የመረጠው መንገድ ልክ ነው፤ አጠቃቀሙ ነው የጎደለው።

የአዘዞ_ልጅ፣ ከእሾሁ እንጀምር። ያ እሾህ ጣና ላይ የለም። ኮምፒውተርህ ውስጥ ነው ያለው።

ካፒቴን የሚጠቀመው የወሰን ኢንቴግራል ዘዴ ነው። ሐይቁን በሙሉ በሜሽ (በስሌት መረብ) አይከፋፍልም፤ የሣጥኑን እርጥብ ገጽ ብቻ በፓኔል (በትናንሽ ቁራጭ ገጾች) ከፋፍሎ እያንዳንዱ ፓኔል ላይ የሒሳብ ምንጭ ያስቀምጣል። ላፕቶፕ ላይ በደቂቃ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ግን አንድ የተደበቀ ጣጣ አለው። ሒሳቡ ሣጥኑ ባዶ መሆኑን አያውቅም። ከውጭ ያለውን ውኃ ሲፈታ ሳታዝዘው በሣጥኑ ውስጥ የሌለ ውኃም አብሮ ይፈታል። ያ የሌለ ውኃ ቅል ውስጥ እንዳለ እርጎ የሚናጥበት የራሱ ድግግሞሽ አለው። እዚያ ላይ እኩልታው ይታመምና መልሱ ይፈነዳል። ይህን ጉድለት ፍሪትዝ ጆን የተባለው የሒሳብ ሰው ገና በ1950 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል።

ያንተን ሣጥን በእጄ አሰላሁት። በርዝመቱ አንድ ግማሽ ሞገድ፣ በስፋቱ አንድ ግማሽ ሞገድ ብለህ ጥልቀቱን 40 ሴንቲ ሜትር ስታስገባ የመጀመሪያው የሐሰት ድግግሞሽ 1.21 ሰከንድ ላይ ይወድቃል። የእሾህህ ቦታ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሣጥኑ ውስጥ በውኃ ልክ ላይ ክዳን ግጠምበት። አዲሶቹ የካፒቴን ቅጂዎች ይህን ይቀበላሉ። ክዳኑ ያንን የሌለ ውኃ ያፍነዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ማኑዋሎች ብዙም አያነሱትም። ውቅያኖስ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ችግር በትንሽ አካል ላይ አይታይም። እዚያ ጉልበት ያለው ሞገድ ከ5 ሰከንድ በላይ ነው፤ እሾሁ ከሚያስፈልገው ክልል ውጭ ይወድቃል። የኛ ሐይቅ ሞገድ አጭር ስለሆነ ግን እሾሁ ልክ ምግባችን ላይ ይበቅላል። ለባሕር የተጻፈን ምሳሌ ገልብጦ መጠቀም የሚያስጠይቀው እዚህ ጋ ነው።

ለመሆኑ የውኃው ጥግግት በሜትር ኪዩብ ስንት ኪሎ ብለህ ነው ያስገባኸው?

የአዘዞ_ልጅ፦

1025። ምሳሌው ላይ እንደዚያ ነበር።

ቁስቋም፦

አየህ! ጣና ጨው ሆነ? 1000 አድርገው። ጥልቀቱንም ወሰን የለሽ ብለህ እንደተውከው እርግጠኛ ነኝ።

የአዘዞ_ልጅ፦

😅 ተውኩት።

ቁስቋም፦

የሣጥኑ ቦታ ጥልቀት 3 ሜትር ነው ብንል፣ የ3 ሰከንድ ሞገድ ርዝመቱ ከ14 ሜትር ወደ 12.7 ያጥራል። ለ1.2 ሰከንዱ ግን ምንም አይለወጥም፤ ታቹ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ረጃጅሞቹን ነው የሚነካህ። (የስበቱንም ቁጥር 9.78 አድርገው ብል ትስቃለህ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ከፍታም ላይ ነን። ግን እሱን ተወው፤ ለውጡ ከአንድ በመቶ ሲሶ አይበልጥም።)

ሌሊት_ሠሪ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ የ1960ዎቹ ሒሳብ ነው። ውኃው አይሽከረከር፣ አይጣበቅ፣ ሞገዱ ትንሽ ይሁን ብላችሁ ሦስት ውሸት ከዋሻችሁ በኋላ ስለ ክዳን ትከራከራላችሁ። ሲኤፍዲ (የውኃውን ፍሰት ራሱን በኮምፒውተር ማስላት) ግባ ወንድሜ። ኦፕንፎም የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ናቪየር-ስቶክስ የሚባሉትን የፍሰት እኩልታዎች ቀጥታ ፍታ፣ የውኃውን ፊት ቪኦኤፍ በሚባለው ስልት ተከታተል፣ አበቃ።

ቁስቋም፦

ሌሊት_ሠሪ፣ አንተ ራስህ ሠርተኸዋል? ወይስ ዩቲዩብ ላይ ነው ያየኸው?

ሌሊት_ሠሪ፦

ሠርቻለሁ። እውነቱን ልናገር እንግዲህ፣ ተይዣለሁ።

ባለፈው ዓመት ለመመረቂያ ተንሳፋፊ የፓምፕ መድረክ ሠርቼ ነበር። በቢሮው ኮምፒውተር፣ ማታ ማታ። ስሜም ከዚያ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ሩጫ አምስተኛ ቀኑ ላይ መብራት ሄደ። ውጤቱን በየመሃሉ እንዲያስቀምጥ አላዘዝኩትም ነበር፤ ሁሉም ጠፋ። ሁለተኛው አለቀ። ግን ሞገዱ መድረኩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። ከአንዱ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ብዬ ልኬው፣ መድረኩ ጋ ሲደርስ 13 ሆነ። ነፋስ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ማን በላው?

አማካሪዬ አዩትና "ኮዱ ነው የበላው" አሉ። ጊዜውን የምቆጥርበት ስልት አንደኛ ደረጃ ነበር። እንዲህ ያለው ስልት የራሱ የሐሰት ማቀዝቀዣ (ዳምፒንግ፣ ውዝዋዜን የሚያበርድ ነገር) አለው፤ ውኃውን ማር ያደርገዋል። በሞገዱ ቁመት ውስጥ የነበሩኝ ሴሎች ደግሞ 5 ነበሩ። ቢያንስ ከ10 እስከ 20 ያስፈልጋል፣ በርዝመቱ ደግሞ ወደ 100። ያንን ሳደርግ የጊዜው እርምጃም አብሮ አነሰ፣ ሩጫው ሦስት ሳምንት ሆነ። ለአንድ ሞገድ! የአዘዞ_ልጅ 30 ፔሬድ ሊያይ ከፈለገ ልጅ ወልዶ ያሳድጋል።

ግን አሁንም እላለሁ፣ ሣጥኑ 25 ዲግሪ ካዘነበለ መስመራዊ ስሌት ዋጋ የለውም።

ቁስቋም፦

በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ተስማምተናል። ታማኝነትህንም ወድጄዋለሁ።

ማራኪ_02፦

እየተከታተልኩ ነው። ቀጥሉ።

የቀሃ_ልጅ፦

ሌሊት_ሠሪ ያነሳው ነገር አንድ ወንድም አለው፤ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የጎንደር ልጅ ከሆንክ በጥምቀት የፋሲል መዋኛ ዳር ቆመህ ታውቃለህ። ጸበሉ ተባርኮ ወጣቱ ከግንቡ ላይ ሲዘል ውኃው ምን ይሆናል? መጀመሪያ የዘለለው ልጅ ያስነሳው ሞገድ ክብ ሠርቶ ይሄዳል። ግንቡ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ከዚያ ሁለተኛው ይዘላል፣ ሦስተኛው፣ ሃምሳኛው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የትኛው ሞገድ ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የሲኤፍዲ ገንዳም ግንብ አለው። ሣጥኑ ላይ ነጥሮ የወጣው ሞገድ የገንዳው ጫፍ ደርሶ ተመልሶ ሣጥኑን ይመታዋል። አንተ የጣና ኃይል ነው ብለህ የምታነበው የግንቡ ማስተጋባት ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ሞገዱን ቀስ አድርጎ የሚውጥ ዞን መሥራት ግድ ነው፤ እሱም ቢያንስ አንድ ሁለት የሞገድ ርዝመት ይበላብሃል። የፓኔሉ ዘዴ አንዱ ውበቱ ይኸው ነው። ሞገዱ ወጥቶ እንደማይመለስ በቀመሩ ውስጥ ተጽፏል።

ከርቀት_ጎንደሬ፦

ሰላም ጎንደሮች። እኔ ያለሁት ሆላንድ ነው፤ ሥራዬም ተንሳፋፊ የነፋስ ተርባይን ነው። ጽሑፋችሁን ሳይ ደስ አለኝ፤ ትላልቆቹ ድርጅቶች የሚጨቃጨቁበትን ነው በላሜራ ሣጥን የምትጨቃጨቁት።

ኦሲ5 የሚባል ዓለም አቀፍ ንጽጽር ነበር። ባለ ሦስት እግር ተንሳፋፊ መድረክ በ1 ለ50 ተሠርቶ እዚህ ሆላንድ ገንዳ ውስጥ ተለካ። ከዚያ ብዙ ቡድኖች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፕሮግራም ኃይሉን ተነበዩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ወገን ሳቱ። በአማካይ ወደ 20 በመቶ አሳንሰው ገመቱ። አንዱ ቢበልጥ አንዱ ቢያንስ የዕድል ነገር ነው ትላለህ፤ አብዛኞቹ ካነሱ ግን የጎደለ ፊዚክስ አለ።

የጎደለው ዝግ ያለው ኃይል ነበር። ሁለት ተቀራራቢ ሞገዶች ሲገናኙ የልዩነታቸውን ያህል ቀርፋፋ የሆነ ግፊት ይፈጥራሉ። በራሱ ትንሽ ነው። ነገር ግን በገመድ የታሰረ ተንሳፋፊ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝበት ድግግሞሽም ቀርፋፋ ስለሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በጣት ጫፍ በየዙሩ እንደ መግፋት ነው። ከዚያ ኦሲ6 የተባለው ተከታይ ሥራ ይህንኑ ለብቻው ለይቶ ለማጥናት ተቋቋመ። ሲኤፍዲን እዚያ ላይ ነው በደንብ የተጠቀሙበት። ሁሉን ነገር እንዲያሰላ አልጠየቁትም፤ የጎደለችዋን አንድ ኃይል ብቻ ነው የጠየቁት።

የአዘዞ_ልጅ፣ ለመልህቅህ የሚሆን የእጅ ሒሳብ ልስጥህ። ሞገዱ ሙሉ በሙሉ ቢመለስብህ፣ አማካይ ግፊቱ ለእያንዳንዱ ሜትር የሣጥን ርዝመት የውኃው ጥግግት ሲባዛ በስበት፣ ሲባዛ በሞገዱ ግማሽ ቁመት ካሬ፣ ለሁለት ሲካፈል ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ለ6 ሜትር ሣጥንህ ወደ 660 ኒውተን ይመጣል። ጎረምሳ ቢንጠለጠልበት ያህል ነው። በእጅ ግምት ጣሪያው ይኸው ነው።

የሚመላለሰው ኃይል ግን ሌላ ነው። ሞገዱ ሣጥኑ እንደሌለ ሆኖ ቢያልፍ የሚያሳርፈውን ግፊት ብቻ ብትደምር፣ ማለትም ፍሩድ-ክሪሎቭ የሚባለውን፣ በ2.1 ሰከንድ 5.3 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። ፕሮግራምህ ስንት ይላል?

የአዘዞ_ልጅ፦

ክዳኑን ገጠምኩ፣ 1000 አደረግኩ፣ ጥልቀቱን 3 ሜትር አልኩ። እሾሁ ጠፋ! ልክ በቢላ እንደተላጨ። 2.1 ሰከንድ ላይ የጎን ኃይሉ 7.4 ኪሎ ኒውተን ነው።

ከርቀት_ጎንደሬ፦

ያስኬዳል። 5.3ቱ የሞገዱ፣ የቀረው ሣጥኑ ሞገዱን በመረበሹ የመጣ ነው። 2 ወይም 20 ቢልህ ነበር የምደነግጠው። ሁልጊዜ ከፕሮግራሙ በፊት በወረቀት ጀርባ አስላ።

ቁስቋም፦

ሌላም ሙከራ አለ። የሞገዱን ኃይል በሁለት መንገድ ማግኘት ትችላለህ። አንዱ በቀጥታ ግፊቱን ደምሮ ነው። ሌላው ሣጥኑ ራሱ ሲወዛወዝ ከሚፈጥረው ሞገድ ተነሥቶ ነው፤ ይህ የሃስኪንድ ዝምድና ይባላል። ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ሜሽህ ነው የዋሸው። በተለይ የሣጥኑ ስለታም ጠርዝ ላይ ፓኔሎቹን አሳንስ፤ ፍሰቱ እዚያ ጋ ነው የሚጣደፈው።

የአዘዞ_ልጅ፦

አደረግኩት። በመጀመሪያው ሜሽ 6 በመቶ ይለያዩ ነበር፤ ጠርዙን ሳጠቅጠው ከ1 በመቶ በታች ሆነ። ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ተነሥቼ ሳየው ግን 25 ዲግሪው እዚያው ቁጭ ብሏል።

ቁስቋም፦

እሱማ አይነቃነቅም። የሌሊት_ሠሪን "ሦስት ውሸት" አስታውስ። የፓኔሉ ዘዴ የሚያውቀው ማቀዝቀዣ አንድ ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ሲወዛወዝ ሞገድ ያስነሳል፣ ሞገዱ ጉልበት ይዞ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ የሚፈጠረውን ሽክርክሪት አያየውም። ሲያዘነብል ግን ብዙውን ጉልበት የሚበላው እሱ ነው። ወደ ጎን ስትገፋ ብዙ አትሳሳትም፣ ወደ ላይ ወደ ታችም ብዙ አትሳሳትም። ማዘንበል ላይ፣ ያውም ሣጥኑ በራሱ በሚወዛወዝበት ፔሬድ (ያንተ 2.1 ሰከንድ) ላይ፣ መልሱ ዕብደት ነው።

ስለዚህ ዘዴውን በሌላ ዘዴ አትተካው፤ የጎደለውን ማቀዝቀዣ ከውጭ ጨምርለት። ቁጥሩን ከየት አመጣለሁ ካልክ፣ ከራሱ ከሣጥኑ። ውኃ ላይ አስቀምጠህ አዘንብለው፣ ልቀቀው፣ እየቀነሰ የሚሄደውን ውዝዋዜ ለካ። ስልክህ ውስጥ ጋይሮስኮፕ አለ። የገንዳ ኪራይ አያስፈልግህም፤ አናሳ ሞዴል ላይ የሚመጣው የመጠን ጣጣም የለብህም።

የደንገል_ልጅ፦

እኔ ጎርጎራ ነኝ። ስለ ፓኔል አላውቅም። አባባ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓሣ ያሰገሩ ናቸው፤ የጻፋችሁትን አነበብኩላቸው። የሚሉትን እየጻፍኩ ነው።

"ይህ ልጅ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ማን ለካው?" ይላሉ። ጠዋት ሐይቁ መስተዋት ነው፣ ታንኳ የሚወጣውም ያኔ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሌላ ሐይቅ ነው። ደግሞም "የደንገል ታንኳ እንደ ቆርቆሮ አይንገዋለልም፤ ውኃው በውስጡ ስለሚያልፍ ነው" ይላሉ። እምቦጭ የተኛበት ቦታ ማዕበሉ ይሞታል፤ ያው እምቦጭ በነፋስ ተገፍቶ ሲመጣ ግን ጀልባ ይዞ ይሄዳል። ገመዳችሁን አስቡበት ብለዋል።

ከርቀት_ጎንደሬ፦

አባባን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። በሦስት ዐረፍተ ነገር የሁላችንንም ስሕተት ነው የነገሩን።

ታንኳው እውነት ነው። ደንገሉ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው፤ ውኃ በገባ በወጣ ቁጥር ጉልበት ይጠፋል። እዚህ ቀዳዳ ያለው ብረት እየሰፋን ያንኑ ለማግኘት እንደክማለን። ለስሌቱም ግፊቱ በቀዳዳው ሲያልፍ በፍጥነቱ ካሬ ይቀንሳል የሚል ልዩ ሕግ ፓኔሉ ላይ እንጨምራለን።

30 ሴንቲ ሜትሩ ግን የሁሉ ቁልፍ ነው። ከየት አመጣኸው?

የአዘዞ_ልጅ፦

እ... ገመትኩ።

ከርቀት_ጎንደሬ፦

በል እንግዲህ። ጆንስዋፕ የተባለው የ1973 እ.ኤ.አ. ጥናት ነፋስ በስንት ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ሲነፍስ ምን ያህል ሞገድ እንደሚያሳድግ ቀመር ሰጥቶናል። በሰከንድ 7 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 20 ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ቢሮጥ፣ ግማሽ ሜትር ቁመትና 3.2 ሰከንድ ፔሬድ ያለው ሞገድ ያመጣል። ጎርጎራ በሰሜን ዳር ነው፤ ከደቡብ የሚመጣ ነፋስ ሐይቁን በሙሉ አቋርጦ ነው የሚደርሰው። በሰከንድ 10 ሜትር ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ቀመሩ ከ1 ሜትር በላይ ይላል። ጣና በአማካይ ከ8 እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ብቻ ስላለው ያን ያህል አያድግም፤ ልሳነ ምድሩም ይከልልህ ይሆናል። ግን አየኸው? አንተ ስለ 6 በመቶ ሜሽ ስትጨነቅ የገባው ሞገድ ራሱ በእጥፍ ሊሳት ይችላል።

የቀሃ_ልጅ፦

ለመለካት የግፊት መሣሪያ ታች አታስቀምጥ። በ3 ሜትር ጥልቀት የ3 ሰከንዱ ሞገድ ግፊት ከግማሽ በታች ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ የ1.2 ሰከንዱ ጭራሽ አይሰማም። እንጨት በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ቀይና ነጭ ቀባ፣ ትከል፣ በስልክ ቅረጽ።

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የአዘዞ_ልጅ፦

ተመልሻለሁ። ረጅም ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ።

ሣጥኑን በአይሱዙ ጭነን በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ አደረስነው። መንገድ ላይ አንዲት እናት "ታቦት ነው?" ብለው ጠየቁን። ጠዋት ውኃው ዝም ሲል ለቀቅነው። በ41 ሴንቲ ሜትር ተንሳፈፈ! አንዷን ሴንቲ ሜትር ብየዳው ላይ አላከክናት።

ከዚያ ማዘንበሉ። ገመድ አስበን ነበር፤ የደንገል_ልጅ ግን የተሻለ መፍትሔ አመጣ። 12 ዋናተኛ ጎረምሶች ጠራ። በአንድ ጠርዝ ተደርድረው ቆሙ፣ ሣጥኑ አዘነበለ፣ "በሉ!" ሲባል ሁሉም በአንዴ ዘለሉ። ስልኩ መሃል ላይ ተጣብቆ ይቀዳል። ሲዘሉ ሣጥኑን በእግራቸው ስለሚገፉት የመጀመሪያውን ውዝዋዜ ጥለነዋል። የተከታዮቹ ከፍታ 8 ዲግሪ፣ 4.4፣ 2.5። ዘጠኝ ጊዜ ደገምነው። አስፈልጎ አይደለም፤ ልጆቹ እንቢ ስላሉን ነው።

ይህ ከወሳኙ ማቀዝቀዣ (ውዝዋዜ ጨርሶ እንዳይኖር ከሚያደርገው ልክ) 9.5 በመቶ፣ ከዚያ 9 በመቶ ይሆናል። ካፒቴን ብቻውን የሚሰጠኝ 4 በመቶ ነበር። ከእጥፍ በላይ ተደብቆብኝ ነበር ማለት ነው። ውዝዋዜው ሲያንስ ማቀዝቀዣውም ማነሱ፣ ቁስቋም እንዳለችው፣ የሽክርክሪቱ ፊርማ ነው። ወደ ስሌቱ አስገብቼ ስመልሰው 25 ዲግሪው 11 ሆነ።

ደስታዬ ግን እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነው የቆየው። ነፋሱ ተነሣ። ባለ ቀለሙን እንጨት ስንቀርጽ ከሰዓት በኋላ ያለው ሞገድ 35 እና 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፔሬዱም ከ2.2 እስከ 2.5 ሰከንድ። የሣጥኔ ፔሬድ 2.1 ነው! ጎረቤት ለጎረቤት። አባባ ዳር ቆመው ነበር። ምንም አላሉም፣ ብቻ አዩኝ።

ቁስቋም፦

ጎበዝ። ዘጠኝ ጊዜ መድገሙ ከብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፤ 9.5ቱን ቋሚ ቁጥር አድርገህ አትውሰደው። ሽክርክሪቱ በካሬ ነው የሚያድገው፤ ለእያንዳንዱ የሞገድ ቁመት አቻውን እየፈለግህ መደጋገም አለብህ። አንድ ዲግሪ ገምት፣ ማቀዝቀዣውን አስላ፣ አዲስ ዲግሪ አግኝ፣ እስኪገጥም። አራት አምስት ዙር ይበቃል።

ሌሊት_ሠሪ፦

የኔም ወግ ይቀጥል። ከታች ባሉት ሁለት ረጃጅም ጠርዞች 20 ሴንቲ ሜትር ላሜራ ወደ ጎን ብየድበት። ሽክርክሪቱ ይበዛል፣ ማዘንበሉ ይቀንሳል። አብሮ የሚንቀሳቀሰው ውኃም ስለሚጨምር ፔሬዱ ትንሽ ይረዝማል። ያ ነው የሚያሳስበኝ፤ ወደ ሞገዱ እየቀረብክ እንዳትሄድ። ለዚህ አንድ ቁራጭ ጠርዝ ብቻ በሁለት ልኬት፣ ያለ ነፃ ውኃ ፊት፣ ሲወዛወዝ በሲኤፍዲ ላስላልህ። በሁለት ቀን ያልቃል። አሁን ውጤቱን በየሰዓቱ አስቀምጣለሁ። 😄

ከርቀት_ጎንደሬ፦

ይኸው ነው! ትልቁን በፓኔል፣ ትንሿን ቁራጭ በሲኤፍዲ። ድንጋዩንም ከመሃል ወደ ታችና ወደ ጠርዝ አንቀሳቅሶ ፔሬዱ ወዴት እንደሚሄድ እይ። ታች መውረዱ ያሳጥረዋል፣ ጠርዝ መሄዱ ያረዝመዋል። የምትፈልገው ማሳጠር ነው።

የአዘዞ_ልጅ፦

ላሜራው ተበየደ፣ ድንጋዩ ታች ወርዶ መሃል ላይ ተሰበሰበ። የሌሊት_ሠሪ ቁራጭ ስሌት ማቀዝቀዣው ወደ 13 በመቶ ይደርሳል ብሎ ነበር። ትናንት ለካነው፤ ከ8 ዲግሪ በአንድ ዙር ወደ 3.3 ወረደ፣ 14 በመቶ ነው። ፔሬዱ 1.9 ሰከንድ ሆነ። የእምቦጩን ጉዳይ ገና አልነካነውም፤ የመልህቁ ገመድ እሱን ይጠብቃል። በ35 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ላይ ስሌቱ 7 ዲግሪ ይላል። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ላዩ ላይ ቆመን እናየዋለን።

የደንገል_ልጅ፦

ልጆቹ "ዳግመኛ መቼ ነው የምንዘለው?" እያሉ በየቀኑ በሬን ያንኳኳሉ። አባባ ቅዳሜ እመጣለሁ ብለዋል፤ ግን በራሳቸው ታንኳ ሆነው ነው የሚያዩት።